ከኬኩ በፊት ቀኑን!

ወገኖቼ፣ ሰሞኑን የእህቴን ልጅ 16ኛ ዓመት ልደት ለማክበር ሽር ጉድ ላይ ነን። አዳራሽ፣ ዲጄ፣ ኬክ… ውጭ ያሉት ዘመዶችም «ገንዘብ እንልካለን» ብለዋል። ደስ ይላል። እኔ ግን የስደተኛ ወረቀቷን ሳይ አልተዋጠልኝም።

ልጅቷ የተወለደችው ነሐሴ 12 ቀን 2001 በእኛ አቆጣጠር ነው። ስንመዘገብ ሰባት ደምረን «2008» አልን፤ ቀኑን ማስላት ስላቃተን ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጻፈ። ነሐሴ ላይ የሚደመረው ግን ስምንት ነው! ትክክለኛው ኦገስት 18 ቀን 2009 ነው። እኔ ደግሞ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ አፈርኩ። በወረቀት ከ19 ወር በላይ አስረጀናት። መጪው ጃንዋሪ 1 አዋቂ ልትባል ነው፤ በኬንያ የ2022 የሕፃናት ሕግ ልጅ የሚባለው ከ18 ዓመት በታች ያለ ብቻ ነው።

«ለስደተኛ ልደት ምን ያደርግለታል?» የምትሉ፣ ከእናንተ ጋር አይደለሁም። ልጅ ይጨፍር፣ ዳቦውም ይቆረስ። ግን ለአንድ ምሽት ይህን ያህል ስንሯሯጥ፣ ለእርማት አንድ ጠዋት መሰለፍ እንዴት ያቅተናል? የክርስትና ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ ያላችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እኛ ዲጄው ይቆየን ብለን ሰኞ እንሰለፋለን።

እናንተም ዛሬ ማታ የልጆቻችሁን ወረቀት አውጥታችሁ እዩ።