እንግዳ በወንጭፍ አይቀበሉም

ዛሬ ሐሳቤን የምሰጠው ስለ ወፍ ነው። «የወፍ ነገር ምን ይጻፋል?» እንዳትሉ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ከብት የጠበቀ ሁሉ ያውቃታል። ላም ሣር ስትግጥ ከእግሯ ሥር እየሮጠች፣ ጭራዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች ዝንብና ትንኝ የምትለቅም፣ ሆዷ ቢጫ የሆነ ትንሽ ወፍ አለች። እኔ የአገራችን ወፍ ትመስለኝ ነበር። ለካስ እንግዳ ናት! የምትፈለፈለው አውሮፓና እስያ ነው። እዚያ ብርዱ ሲመጣና ነፍሳቱ ሲጠፉ በመስከረም አካባቢ ወደ እኛ ትመጣለች፤ በሚያዝያ ገደማ ተመልሳ ትሄዳለች። ክብደቷ 20 ግራም ያህል ብቻ ነው። እኛ ከቢቸና በሞጣ አድርገን ባሕር ዳር ለመድረስ በመኪና እንኳ ይደክመናል። እሷ ግን በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር፣ ባሕርና በረሃ አቋርጣ ነው የምትመጣው።

የመስቀል ወፍስ? ብዙዎቻችን በመስከረም ብቻ የምትመጣ ይመስለናል። ጠፍቶ የከረመ ዘመድ ሲመጣም «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ» ይባላል። እውነቱ ግን ዓመቱን ሙሉ አገራችን ውስጥ ናት። ወንዱ በመስከረም ላባው ስለሚያምር እናየዋለን፤ በበጋ ድንቢጥ ስለሚመስል አናስተውለውም። እንግዳ ያልናት ባለአገር፣ ባለአገር ያልናት እንግዳ!

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። ቅዳሜና እሁድ ወንዝ ዳር ወርደን በላስቲክ ወንጭፍ ወፍ እንመታለን። እኔም መትቻለሁ። ያቺን ባለ ቢጫ ሆዷን አንስቼ ሳያት መዳፌን እንኳ አልሞላችም። አትበላ፣ አትሸጥ። ያን ሁሉ ባሕር አልፋ መጥታ በእኔ ጠጠር ሞተች። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንጭፍ አልያዝኩም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ወፍ እኮ እህል ይጨርሳል» ይሉኛል። ልክ ነው፤ እህል የሚበላውን ከማሳ ማባረር የገበሬ ልጅ ሥራ ነው። ይቺ ግን የምትለቅመው ነፍሳት እንጂ ጤፋችንን አይደለም። ምን በደለችን?

ስለዚህ ወንጭፉን ትተን ደብተር እንያዝ። በመስከረም የመጀመሪያዋን ያየ ተማሪ ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ለክበባችን ያምጣ። በየዓመቱ ብናስተያየው መቼ እንደምትመጣ እኛው እናውቃለን። በፈረንጆች ጥቅምት ወር ሁለተኛ ቅዳሜ የተጓዥ ወፎች ቀን በዓለም ይከበራል። የሳይንስ መምህሮቻችንም በዚያ ሰሞን ወንዝ ዳር ይዛችሁን ብትወርዱ ደስ ይለናል።

እንግዳ ሲመጣ ውሃ ይቀርባል እንጂ ድንጋይ አይወረወርም። ቸር ይግጠመን!