የሸካሚ ወገብ፦ ቀበቶ ይታጠቅ ወይስ ጆንያው ይቅለል?

ለሙግት የቀረበው ሐሳብ፦ «ጫኝና አውራጆች ሁሉ የወገብ መደገፊያ ቀበቶ እንዲታጠቁ ይደረግ።»

ደጋፊ

በማለዳ መርካቶ እህል በረንዳ የሄደ ሰው ያውቀዋል። አይሱዙው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ጫኙ ነጠላውን አጣጥፎ ወገቡን ግጥም አድርጎ ያስራል፤ ባዶ ጆንያ ማጅራቱ ላይ ጣል ያደርጋል፤ ሁለት ጓደኞቹ 100 ኪሎ ጤፍ ያሸክሙትና በሳንቃው ሽቅብ ይወጣል። ነጠላውን እሰር ያለው ሐኪም የለም፤ የነገረው ወገቡ ራሱ ነው።

እኔ የምለው ይህንኑ ልማድ በአግባቡ በተሠራ ቀበቶ እንተካው ነው። ሰፊ ቀበቶ ሆድን ከፊት ደግፎ ይይዛል፤ ሰውየው ጎንበስ ሲልም ከወገቡ ሳይሆን ከጉልበቱ እንዲታጠፍ ያስታውሰዋል። የአሜሪካው የግንባታ ዕቃ መደብር ሆም ዲፖ ቀበቶን ግዴታ ካደረገ በኋላ፣ በካሊፎርኒያ ወደ 36 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞቹን ያየና በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የወገብ ጉዳት በ34 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ለእጅ ጓንት፣ ለእግር ቦቲ ከታሰበ፣ ወገብ ምን በደለ?

ተቃዋሚ

ባልደረባዬ የጠቀሱት ጥናት ያነጻጸረው ቀበቶው ከመታዘዙ በፊትና በኋላ የነበረውን ነው፤ በመሀል ሌላ ምን እንደተለወጠ ለመለየት ያስቸግራል። በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣው ጥናት ደግሞ በ160 መደብሮች የሚሠሩ ከ9 ሺህ በላይ ሠራተኞችን ተከታትሎ፣ ቀበቶ የጉዳት ካሳ ጥያቄንም የወገብ ሕመምንም እንዳልቀነሰ አግኝቷል። የአሜሪካ የሙያ ደኅንነትና ጤና ተቋምም ጉዳት ለሌለበት ሠራተኛ ቀበቶን እንደማይመክር በ1994 እ.ኤ.አ. ተናግሯል።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ጆንያው ማጅራት ላይ ሲያርፍ ክብደቱ ከአንገት እስከ ዳሌ በአከርካሪ አጥንቶችና በመካከላቸው ባሉት ዲስኮች በኩል ይወርዳል። ሆድ ላይ የታሰረ ቀበቶ ከዚያ ላይ አንዲት ኪሎ አያነሳም። «ክብደት አንሺዎችስ ይታጠቁ የለም ወይ?» ይባላል። ይታጠቃሉ፤ ግን ለጥቂት ሰከንድ አንስተው መሬት ያደርጉታል። ጫኙ ተሸክሞ ይራመዳል፣ ሳንቃ ይወጣል፣ ተመልሶ ሌላ ይሸከማል። ይባስ ብሎ ቀበቶው ያበረታው ይመስለውና ከአቅሙ በላይ ይደፍራል።

ያው ተቋም ለማንሳት እጅግ በሚመች ሁኔታ እንኳ ጣሪያው 23 ኪሎ ነው ይላል። የእኛ ጆንያ ከዚያ አራት እጥፍ ያልፋል። ሲሚንቶና ማዳበሪያ በ50 ኪሎ ይታሸጋሉ፤ እህሉስ ምን ያግደዋል? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የምንል ሕዝብ ነን።

ደጋፊ፣ መልስ

ሲሚንቶ ሲራገፍ ቆመው ይመልከቱ። ክፍያው በቁጥር ስለሆነ ሰውየው ሁለቱን ከረጢት ደርቦ ይሸከማል፤ ዞሮ ዞሮ 100 ኪሎ ነው። ጆንያ ለማሳነስ ገበሬውን፣ ነጋዴውንና ባለመኪናውን ማስማማት ያስፈልጋል። ቀበቶ ግን ነገ ጠዋት ሊታደል ይችላል። እነሱ እስኪስማሙ ሰውየው ነጠላውን ብቻ ታጥቆ ይጠብቅ?

ተቃዋሚ፣ መልስ

ሁለት ከረጢት የሚያስደርበው ክፍያው ከሆነ፣ የሚስተካከለው ክፍያው ነው፤ ከጎኑም የእጅ ጋሪ ይቁም። ነጠላውን ይፍታ አላልኩም፤ ካገዘው ይታጠቅ። እኔን የሚያስፈራኝ ግዴታው ነው። ቀበቶ ያደለ አሠሪ አስፈርሞ መዝገቡን ይዘጋል። ወገቡ የተቆረጠ ዕለት ሰውየው የሚጠየቀው «ቀበቶ ሰጥተንህ አልነበር?» ተብሎ ነው። ያን ቀንም ጆንያው 100 ኪሎ ነው።