ሦስት ባለቤት ያለው ባቡር፣ ጥገናው የማን ነው?

እንደሚታወቀው፣ ብዙ ማኅበራት በመዋጮ አንድ ወፍጮ ወይም አንድ ትራክተር ሲገዙ በምርቃቱ ዕለት የማይገኝ የለም። ዘይት የሚለወጥበት፣ ያረጀ ዕቃ የሚተካበት ቀን ሲደርስ ግን አንዱ ማኅበር ሌላውን ያያል። ይህ ዓይነቱ መተያየት የድህነት ወይም የትምህርት ማነስ ውጤት ነው የሚሉ አሉ። አባባሉ ትክክል አለመሆኑን ለመረዳት በሀብታሙ አገር ዋና ከተማ፣ በዋሽንግተን፣ የሚሠራውን የሕዝብ ማመላለሻ ድርጅት ሒሳብና አስተዳደር መመልከት ይበቃል። ጉዳዩ በኅብረት ሥራ ማኅበርና በዩኒየን አመራር ላይ ያሉትን ገበሬዎች በቅርብ ይመለከታቸዋል፤ ድርጅቱ የቆመበት መሠረት ከእነርሱ ዩኒየን ጋር ብዙ የሚያመሳስለው ነገር አለና።

የዋሽንግተን አካባቢ ማመላለሻ ባለሥልጣን የተቋቋመው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1967 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) አቋቋሚዎቹ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ክፍለ ግዛቶች እንዲሁም ዋና ከተማዋ ሲሆኑ፣ ስምምነታቸውን የአሜሪካ ኮንግሬስ አጽድቆታል። ድርጅቱ በ1973 አራት የግል አውቶቡስ ኩባንያዎችን ጠቀለለ፤ በ1976 ደግሞ የመጀመሪያውን የባቡር መሥመር በ5 ጣቢያዎች ከፈተ። ዛሬ ጣቢያዎቹ 98 ደርሰዋል። በዚያ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከመካከላቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቱ የሆነና ሥራው አሌክሳንድሪያ ያለ ሰው፣ በቀዩ መሥመር ተሳፍሮ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወደ ቢጫው ይሻገራል። ከሜሪላንድ ተነሥቶ፣ ዋና ከተማዋን አቋርጦ፣ ቨርጂኒያ ይወርዳል። በአንድ ክፍያ የሦስት አስተዳደር መሬት ረገጠ ማለት ነው። ተሳፋሪው ድንበሩን አያየውም። ድንበሩ የሚታየው በሒሳብ መዝገቡ ላይ ነው።

ባለሥልጣኑ የራሱ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም። የሚሰበስበው የጉዞ ክፍያ የሥራ ማስኬጃውን ስለማይሸፍን፣ ጉድለቱን አባላቱ በየዓመቱ ተካፍለው ይከፍላሉ። የባቡሩን ጉድለት ለመከፋፈል ለብዙ ዓመታት የተሠራበት ቀመር ሦስት እኩል ክፍሎች ነበሩት። አንዱ ክፍል በሕዝብ ብዛትና ጥግግት፣ አንዱ ከየአካባቢው በሚሳፈረው ሰው ቁጥር፣ አንዱ በክልሉ ውስጥ ባሉት ጣቢያዎች ብዛት የሚሰላ ነው። ቀመሩ በራሱ ብልህነት ነበረው፤ በእኩል ድርሻ ተካፍሉ ቢባል ጣቢያ ያነሰው ወገን ገና ዱሮ በወጣ ነበር። መዋጮን በአባል ቁጥር ብቻ የሚደለድሉ ዩኒየኖች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። ሆኖም ቀመሩ ዕዳው እንዴት እንደሚካፈል እንጂ ምን ያህል መሆን እንዳለበት አይናገርም። መጠኑ በየዓመቱ በየምክር ቤቱ የሚለመን ሆኖ ቀረ።

የቦርዱ አወቃቀር ደግሞ ችግሩን ያከብደዋል። ከ2008ቱ የፌዴራል ሕግ ወዲህ ድምፅ ያላቸው 8 አባላት ናቸው፤ ከሦስቱ ወገኖችና ከፌዴራሉ መንግሥት ሁለት ሁለት ማለት ነው። በመመሥረቻው ስምምነት መሠረት ግን የድምፅ ብልጫ ብቻውን አያስወስንም፤ ከእያንዳንዱ ፈራሚ ወገን ቢያንስ አንድ የድጋፍ ድምፅ መገኘት አለበት። ስለዚህ አንዱ ወገን ካልፈለገ ነገሩ ይቆማል። መጀመሪያ ይህ የተደረገው ደካማው በብዙኃኑ እንዳይረገጥ ነበርና ሐሳቡ አይነቀፍም። ነገር ግን የቦርድ አባሉ የላከውን ወገን ኪስ ጠባቂ ሆኖ ሲቀመጥ፣ የባቡሩን ሐዲድ የሚጠብቅ ሰው ከጠረጴዛው ዙሪያ ይጠፋል። በ2017 የቀድሞው የትራንስፖርት ሚኒስትር ሬይ ላሁድ ባቀረቡት ጥናት፣ ቦርዱ ለጊዜው በ5 ሰዎች እንዲተካ ሐሳብ ሰጥተው ነበር። ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም። ማንም ወገን ወንበሩን በፈቃዱ አይለቅምና የሚያስደንቅ አይደለም።

የጥገና ቸልታ ወዲያው አይታይም። አዲስ መሥመር ሲዘረጋ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የኤሌክትሪክ ገመድ ሲቀየር ግን የሚያጨበጭብ የለም። በሰኔ 2009 በቀዩ መሥመር ላይ አንድ ባቡር የቆመውን ሌላ ባቡር ከኋላው ገጭቶ 9 ሰዎች ሞቱ። የሐዲዱ መቆጣጠሪያ ቆሞ የነበረውን ባቡር አላየውም ነበር። የገጨው ባቡር በ1976 ሥራ ከጀመሩት አሮጌ ፉርጎዎች የተሠራ ሲሆን፣ እነዚህ ፉርጎዎች እንዲጠናከሩ ወይም ከሥራ እንዲወጡ የፌዴራሉ የአደጋ መርማሪ ቦርድ አስቀድሞ አሳስቦ ነበር። ፉርጎዎቹ ተጠቃለው የወጡት በ2017 ነው። በጥር 2015 እንደገና ከመሬት በታች ባለው ዋሻ ውስጥ ጭስ ተነሥቶ አንድ ሰው ሞተ። በመጋቢት 2016 የባቡሩ አገልግሎት በሙሉ ለአንድ ቀን ተዘግቶ ገመዶች ተመረመሩ፤ ከዚያም ሐዲዱን በጥድፊያ ለመጠገን አንድ ዓመት ያህል ፈጀ። በየጊዜው በጥቂቱ መከፈል የነበረበት ገንዘብ በአንድ ጊዜ፣ በሰው ሕይወት ጭምር፣ ተከፈለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የቁጥጥሩ ነገር ሊነሣ ይገባል። ቀደም ሲል የባቡሩን ደኅንነት የሚከታተል የሦስቱ ወገኖች ኮሚቴ ነበር፤ ነገር ግን የማስገደድ ጥርስ አልነበረውም። በ2015 የፌዴራሉ መንግሥት ቁጥጥሩን በራሱ እጅ አደረገ። በ2017 ሦስቱ ወገኖች በሌላ ስምምነት ነፃ የደኅንነት ኮሚሽን አቋቋሙ። ይህ ኮሚሽን ስም ብቻ አለመሆኑ የታየው በጥቅምት 2021 ነው። አንድ ባቡር ከሐዲዱ ከወጣ በኋላ 748 ፉርጎዎች፣ ማለትም ከጠቅላላው 60 በመቶ ያህሉ፣ እንዲቆሙ አዘዘ። ባቡር ጠባቂው ሕዝብ ለወራት ተንገላታ፣ ድርጅቱም ገቢ አጣ። ቢሆንም ትእዛዙ ተከበረ። የቁጥጥር ኮሚቴ አባላቱ የሊቀ መንበሩ ወዳጆች የሆኑበት ማኅበር እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሊያወጣ ቀርቶ ሊያስበውም አይችልም።

ወደ ገንዘቡ እንመለስና፣ በ2018 ትልቅ እርምጃ ተወሰደ። ሦስቱ ወገኖች ለካፒታል ሥራ በየዓመቱ 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በቋሚነት ለመስጠት በሕግ ተስማሙ። ከዚህ ውስጥ ዋና ከተማዋ 178.5 ሚሊዮን፣ ሜሪላንድ 167 ሚሊዮን፣ ቨርጂኒያ 154 ሚሊዮን ያህል ይከፍላሉ። ከልመና ወደ ግዴታ መሸጋገሩ በእርግጥ የሚያስመሰግን ነው። ይሁንና ሕጉ አንድ ነገር ዘነጋ፤ ገንዘቡ ከዋጋ ንረት ጋር እንዲያድግ አላደረገም። የብረት፣ የገመድና የጉልበት ዋጋ ሲወጣ 500 ሚሊዮኑ ባለበት ቆመ። በዚህ ገቢ ዋስትና ከ2020 ጀምሮ ቦንድ እየተሸጠ ብድር ስለተወሰደ፣ ከመጪው ገንዘብ ውስጥ እየጨመረ የሚሄደው ክፍል ዕዳ መክፈያ ሆነ። በሌላ በኩል የሥራ ማስኬጃ ድጎማው በዓመት ከ3 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ተጣለበት። ገደቡ አባካኝነትን ይከላከላል ተብሎ ነበር። ዋጋው ራሱ ከ3 በመቶ በላይ ሲጨምር ግን ጉድለቱን ከመደበቅ በቀር ያከናወነው ነገር የለም።

ከ2020 በፊት የባቡሩ ተሳፋሪ ከሥራ ማስኬጃው ወጪ ከግማሽ በላይ ይሸፍን ነበር። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ተሳፋሪው በ90 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ ከወረርሽኙም በኋላ ብዙው የመንግሥት ሠራተኛ ከቤቱ መሥራት ለመደ። ድርጅቱን ያቆመው ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነው የፌዴራል እርዳታ ነበር። እርዳታው ሲያልቅ ለ2025 የበጀት ዓመት 750 ሚሊዮን ዶላር ጉድለት አፈጠጠ፤ 10 ጣቢያዎችን እስከ መዝጋት የሚደርስ ሐሳብም ቀረበ። በመጨረሻ አባላቱ ከገደቡ በላይ ጨምረው ከፈሉ፣ የጉዞ ክፍያው በ12.5 በመቶ ከፍ አለ፣ ከመደበኛው ጥገናም የተወሰነው ወደ ካፒታል ሒሳብ ተዛወረ። ይህ የመጨረሻው ዘዴ የተፈቀደ የሒሳብ አሠራር ነው። ነገር ግን የመኸሩን ዘር ለክረምቱ ቀለብ እንደ ማውጣት ያለ ነው፤ ረሃቡን ያስታግሳል፣ እርሻው ግን ይጠይቃል።

ተሳፋሪው ወጪውን በሙሉ ለምን አይከፍልም የሚሉ ወገኖች አሉ። ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ ሳይከፍሉ የሚያልፉትን ለመግታት ድርጅቱ በ2023 እና በ2024 ከፍ ያሉ መግቢያ በሮችን መትከሉ ተገቢ ነበር። ዳሩ ግን ከጣቢያ አጠገብ ያለው መሬትና ሕንፃ ዋጋው የሚወጣው በባቡሩ ምክንያት ነው። የዚያ ንብረት ባለቤት በባቡሩ አንድም ቀን ሳይሳፈር ይጠቀማል፤ ግብሩንም የሚሰበስቡት አባላቱ ናቸው። ወፍጮውን የማይጠቀም ገበሬ እንኳ ወፍጮው ባመጣው ገበያ እንደሚጠቀም ሁሉ፣ ጥቅሙን የሚያገኝ ወገን ከጥገናው ድርሻ ሊወጣ አይገባውም።

በ2025 መጨረሻ ባለሥልጣኑና የአካባቢው አስተዳደሮች ምክር ቤት ባቀረቡት ዕቅድ በየዓመቱ ተጨማሪ 460 ሚሊዮን ዶላር ተጠይቋል። ካለፈው የሚለየው አንድ ነገር፣ ገንዘቡ በየዓመቱ 3 በመቶ እያደገ እንዲሄድ መባሉ ነው። ዕቅዱ በቦርዱ ቃለ ጉባኤ ውስጥ መስፈሩ ብቻውን ገንዘብ አያስገኝም። የሚያስገኘው ሦስቱ ወገኖች በየበኩላቸው፣ በየራሳቸው ሕግ፣ ቁጥሩንና ዕድገቱን ሲያጸድቁት ነው፤ አንዱ ቢያጓድል የሁለቱ ብቻውን በቂ አይሆንም።