ሳይቃጠል በቅጠል

ማር ቆራጭ ዛፍ ላይ ሲወጣ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። የሚጨስ ችቦ በእጁ ይዞ ወደ ቀፎው ይጠጋል፤ ጭሱ ንቦቹን ያበርዳቸዋል፤ ማሩም ይቆረጣል። ይህ ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚተዳደርበት የተከበረ ሙያ ነው። ይሁን እንጂ በበጋ ወራት ከዚያ ችቦ የምትረግፍ አንዲት ፍም ምን ልታደርስ እንደምትችል አስባችሁ ታውቃላችሁን?

በእርጥብ መሬት ላይ ብትወድቅ ወዲያው ትጠፋ የነበረችው ፍም በደረቅ ቅጠል ውስጥ ተደብቃ ለሰዓታት ትቆያለች። ማር ቆራጩ ቤቱ ከገባ በኋላ ነፋስ ሲያራግባት ትቀጣጠላለች። በተራራማ ስፍራ ደግሞ እሳት ሽቅብ ሲወጣ ይፈጥናል፤ ከበላዩ ያለውን ሣርና ቅጠል ነበልባሉ አስቀድሞ ያደርቀዋልና።

በ1992 ዓ.ም. ዝናብ በራቀበት በጋ በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው እሳት ለሳምንታት ነዶ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ አቃጥሏል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ደግሞ የዋልያ መኖሪያ በሆነው በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጓሳውና አስታው ነደደ። እሳቱን ለማጥፋት ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች እስከ መምጣት ደርሰዋል። ይህን ሁሉ ያደረሰው ማር ቆራጭ ነው አልልም፤ ለእርሻ የሚመነጥረው፣ ከሰል የሚያከስለው፣ ለግጦሽ ሣር የሚያቃጥለውም እሳት ይለኩሳል። ነገር ግን ደረቅ ጫካ የለኮሰውን ሰው ማንነት አይጠይቅም።

«ታዲያ ችግረኛው ማሩን ይተው?» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ያለው ክልከላ ጉዳቱ ያመዝናል። ፈጽሞ የተከለከለ ሰው በሌሊት ተደብቆ ይገባል፤ ተደብቆ የገባ ደግሞ እሳት ቢያመልጠው «ድረሱልኝ» ብሎ አይጮኽም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት በበጋ መከልከል ያለበት ማሩ ሳይሆን ችቦው ነው። ፍሙን በቆርቆሮ ውስጥ ይዞ፣ በወናፍ እየተነፋ ጭሱን ብቻ የሚያወጣ የንብ ማጨሻ አለ። ማኅበራት በጋራ ገዝተው አባሎቻቸው በተራ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ማጨሻ የያዘም ቢሆን የዛፉን ሥር ይጥረግ፤ ውሃና ጓደኛ ይዞ ይሂድ፤ አመዱ ሳይቀዘቅዝ አይመለስ። ድርቅ በጠናበትና ነፋስ በበረታበት ሰሞን ግን የመንደሩ ሽማግሌዎች ለሀብታሙም ለድኻውም እኩል «እሳት ወደ ጫካ አይግባ» ብለው ይወስኑ። ማሩ ሳይቆረጥ ቢዘገይ ንቦቹ ጥቂት ይበሉለት ይሆናል፤ እሳት ግን ቀፎውንም፣ ዛፉንም፣ የከርሞውን አበባም አያስተርፍም።

በቤታችሁ ማር የሚቆርጥ አባት ወይም አጎት ካለ ይህን አሳብ በአክብሮት አንሡለት፤ የሚመልስላችሁንም አድምጡ፤ ጫካውን ከእናንተ ይልቅ ያውቀዋልና። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አንዲቱን ፍም በአንድ ቅጠል ማጥፋት ስለሚቻልባት ስለዚያች አጭር ጊዜ ነው።