ለካምቢዮ የምናዋጣው ዘይት ስላልቀየርን ነው

ትንሽ ረዘም ይላል፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ትናንት በእረፍት ሰዓት የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንድ ወረቀት ዞረ። ከላይ «ለአምቡላንሳችን ካምቢዮ መግዣ» ይላል። ከሥሩ ስም፣ ከደመወዝ የሚቆረጠው ብር፣ ፊርማ። ወረቀቱን ይዞ የመጣው የኮሚቴ ሰው ክፉ ሰው አይደለም፣ አውቀዋለሁ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ነው የጀመረው። እኔ አንዲት ጥያቄ ጠየቅሁ። «ካምቢዮው ምን ሆኖ ተበላሸ?»

ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ «ተበላሸ ተባለ በቃ! አንተ መካኒክ ነህ እንዴ?» ተባልኩ። ሌላው ደግሞ ከወንበሩ ሳይነሳ «እናቶች በቃሬዛ እየመጡ ይሄ ሰው ስለ ብረት ይጠይቃል» አለ። ደወል ተደወለ፣ ክፍል ገባሁ። ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርሰው።

አዎ፣ መካኒክ አይደለሁም። የፊዚክስ መምህር ነኝ። ግን ያቺ መኪና ስትገዛም ከደመወዜ ተቆርጧል። ከእናንተ ውስጥ ያኔ ተማሪ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፣ መኪናዋ ግቢያችን ስትገባ ሰልፍ ወጥተን እልል ብለናል። ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር፣ ጭቃም ዳገትም የማይበግራት። አሁን አራት ወር ሙሉ ጋራዥ ቆማለች። በእነዚህ አራት ወራት ምጥ የያዛት ሴት ከቀበሌ እስከ አስፋልቱ በሰው ትከሻ ነው የምትመጣው። ይህን እኔም አይቻለሁ፣ ተሸክሜያለሁም። ስለዚህ «አይገባህም» አትበሉኝ። የጠየቅሁት ስለገባኝ ነው።

አሁን ወደ ካምቢዮው። ያስተማርኳችሁን ላስታውሳችሁ። ማሽን ጉልበት አይፈጥርም፣ ያለውን ይለውጣል። ካምቢዮም ሥራው ይኸው ነው። በአንደኛ ማርሽ ትንሹ ጥርስ ትልቁን ያዞራል፣ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ዳገቱ ይወጣል። በአምስተኛ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እነዚያ ጥርሶች የተሰኩባቸው ዘንጎች በኩሽኔታ ላይ ነው የሚሽከረከሩት። ሁሉም ዘይት ውስጥ ነው የሚኖሩት። ዘይቱ ካረጀ፣ ካነሰ ወይም ውሃ ከገባበት ቀድሞ የሚጎዳው ኩሽኔታው ነው። ኩሽኔታው ሲላላ ዘንጉ ከቦታው ፈቀቅ ይላል። ዘንጉ ፈቀቅ ሲል ጥርስና ጥርስ በትክክል አይነካከሱም። ከዚያ ጥርስ ይሸረፋል፣ ሽራፊው በዘይቱ ውስጥ እየዞረ የቀረውን ይፈጫል። ካምቢዮ በአንድ ቀን አይሞትም። ቀስ እያለ፣ እየጮኸ ነው የሚሞተው።

የእኛም ጮኋል። ሹፌሩ ጋሼ ጎረቤቴ ናቸው። አምና ክረምት ሳይገባ ጀምሮ መኪናዋ በሚኒሞ፣ በፎሌ ስትቆም እንደ ወፍጮ የሚል ድምፅ እንዳላት፣ ፍሪሲዮን ሲረግጡ ደግሞ ድምፁ እንደሚጠፋ ነግረውኝ ነበር። እኔ ምንም አልገባኝም፣ «እንግዲህ መኪና ነው» ብዬ አለፍኩት። ሰሞኑን ግን መካኒክ ለሆነ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ይህንኑ ሳወራው ሳቀ። «ቲቸር፣ እሱማ መልሱን ነግሮዎታል። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከሞተር የሚቀበለው ዘንግ ይቆማል። ዘንጉ ሲቆም የሚጠፋ ድምፅ ከዚያው ዘንግ ኩሽኔታ ነው የሚመጣው። ያኔ ከፍተው ኩሽኔታ ቢቀይሩ ያልቅ ነበር» አለኝ።

ያኔ ቢቀየር ያልቅ ነበር። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።

ጋሼ ለሚመለከተው ክፍል ተናግረዋል። አንድ ጊዜ አይደለም። የተሰጣቸው መልስ «እየሄደች አይደል? በጀት የለም» የሚል ነበር። ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞልቶ ውሃ ውስጥ ቆማ ነበር። የጋለ ካምቢዮ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና ባገኘው ክፍተት ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ይህም ፊዚክስ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ዘይቱን አፍስሶ ማየት ግዴታ ነበር። ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ማንም አላየውም። ጥቅምት ላይ ሦስተኛ ማርሽ እየዘለለ መውጣት ጀመረ፣ ጋሼ በአንድ እጃቸው መሪ በአንድ እጃቸው ማርሹን ይዘው መንዳት ጀመሩ። በመጨረሻ ዳገት ላይ ቀጥ። በሽተኛዋን ለመድረስ እየሄዱ ነበር እንጂ ጭነው ቢሆን ኖሮ ምን እንደምንሆን አስቡት።

እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ ልተወው። ግማሽ ጄሪካን ለማይሞላ ዘይት በጀት የለም ያለ ቢሮ፣ ለሙሉ ካምቢዮ የመምህር ደመወዝ ያገኛል! ሳይቃጠል በቅጠል ብለው አባቶቻችን የተረቱት ስለ ካምቢዮ ባይሆንም ካምቢዮንም ይመለከታል።

ሁለተኛው ነገር። «ካምቢዮው ሞቷል» ያለው ማነው? ወረቀቱ ላይ ሦስት ፕሮፎርማ ተያይዟል፣ ሦስቱም የሙሉ ካምቢዮ ዋጋ ነው። ተከፍቶ የታየበት ሪፖርት ግን የለም። ማርሽ አልገባ ያለ ሁሉ ካምቢዮ አይደለም። አንድ ማርሽ ብቻ ሲገባ የሚያንቋርር ከሆነ የዚያ ማርሽ የነሐስ ቀለበት አልቆ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ማርሽ የሚያንቋርር ከሆነ ፍሪሲዮኑ አልለቅ ብሎ ነው ብሎ መጠርጠር ይቀድማል፣ ያ ደግሞ አንዳንዴ የአንድ ትንሽ ፓምፕ ጎማ ጉዳይ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ። እኛም «ካምቢዮ ነው» ሲሉ ሰምተን ኪሳችንን ልናንቅ ነው።

በነገራችን ላይ እኔ ካምቢዮ አይቀየር አላልኩም። የእኛው በዚህ ሁኔታ ወራት ከተነዳ ውስጡ ተፈጭቶ ሊሆን ይችላል። ዘንጉ ከተበላ፣ ጥርሱ ከረገፈ፣ ቤቱ ከተሰነጠቀ መቀየር ነው የሚያዋጣው። ግን ከፍተን እንየው! ደግሞስ የሚገዛው ምንድን ነው? ከፕሮፎርማዎቹ ርካሹ «ያገለገለ፣ ከዱባይ የመጣ» ይላል። ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው ያውቀዋል፣ በዘይት ታጥቦ ካምቢዮ ሁሉ አዲስ ይመስላል። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሠራ የሚነግርህ የለም። ከሞተሩ ጋር የሚገጥመው ፊቱ፣ የዘንጉ ጥርስ ቁጥር፣ ከኋላ ፎር ዊሉ የሚታሰርበት ሁሉ ከእኛዋ መኪና ጋር አንድ መሆኑን ያረጋገጠ አለ? ዋስትናውስ የስንት ወር ነው? ወረቀቱ ላይ ዋጋ ብቻ ነው ያለው።

ሌላም አለ። ይህን ካምቢዮ ማውረድ ቀላል ሥራ አይደለም። ወለሉ ይከፈታል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄዱት ዘንጎች ይፈታሉ፣ ሞተሩ ከሥር ይደገፋል፣ ከዚያ ነው በክሪክ የሚወርደው። ሁለት ሰው በደረቱ የሚያቅፈው ነገር አይደለም። ይህ ሁሉ ከተለፋ በኋላ ያረጀውን የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ፣ ከሞተሩ ኋላ ዘይት የሚያፈሰውን ኦይል ሲል ሳይቀይሩ መግጠም ማለት ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ድካምና ያንኑ የእጅ ዋጋ እንደገና መክፈል ማለት ነው። ተማሪዬ «እነዚህን ያልጻፈ ፕሮፎርማ ሥራውን የማያውቅ ወይም ተመልሳችሁ እንድትመጡ የሚፈልግ ነው» ብሎኛል። ከፕሮፎርማዎቹ አንዱም አልጻፈም።

«ሹፌሩ ነው ያበላሸው» የሚሉም አሉ። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ጋሼ የሰሙትን ተናግረዋል። ያቺ መኪና ግን ሕመምተኛ ብቻ ነው እንዴ የጫነችው? ሲሚንቶ ጭናለች። ስብሰባ ሄዳለች። ለልቅሶ ሄዳለች። ቁልፉን ያልያዘ ማን አለ? አንዱ ፎር ዊል እንዳስገባ በደረቅ አስፋልት ከተማ ድረስ ነድቷት እንደመጣ ሁላችንም ሰምተን ስቀናል። የሚያስቅ አልነበረም። ይህች መኪና ፎር ዊል ስትገባ የፊትና የኋላው አብሮ ይታሰራል። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ችግር የለም፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን በየጠመዝማዛው ጭንቀቱ መውጫ አጥቶ ጥርሱና ዘንጉ ላይ ያርፋል። ይህን ሁሉ በአንድ ደሞዝተኛ ሽማግሌ ላይ መለጠፍ ነውር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። «እናት እየሞተች ያንተ ጥያቄ ይድረስ?» ለሚለኝ። ልክ ነህ፣ ምጥ ፕሮፎርማ አይጠብቅም። እኔም ሌሊት ሙሉ ሳሰላስለው አድሬአለሁ። ባልፈርም የሚቀጣው ቢሮው አይደለም፣ ያቺ ሴት ናት። ዝም ብዬ ብፈርም ደግሞ የዛሬ ዓመት ያው ወረቀት ይዞራል፣ ያኔም የምትቀጣው ያቺው ሴት ናት። በእርሷ ስም ዝም እንድንል የሚጠይቁን ሰዎች፣ በእርሷ ስም ዘይት ለምን አልቀየሩም? የማይመቸኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ፈርሜያለሁ። የምችለውን ሰጥቻለሁ። ከፊርማዬ ሥር ግን በእጄ ጽሑፍ አራት ነገር ጻፍኩ።

1. ካምቢዮው ከመገዛቱ በፊት መዋጮ ያዋጣ ሰው ባለበት ይከፈት፣ የተበላሸው ነገር በጽሑፍ ይሰጠን።

2. የሚገዛው ያገለገለ ከሆነ ዋስትና ይኑረው፣ ፍሪሲዮኑና ኦይል ሲሉ በዚያው ይቀየሩ። የወረደው አሮጌ ካምቢዮም የእኛ ነው፣ ለመለዋወጫ ይቀመጥ እንጂ «ጠፋ» እንዳይባል።

3. መኪናዋ ውስጥ ደብተር ይሰቀል። ማን ነዳት፣ የት ሄደች፣ በስንት ኪሎ ሜትር ዘይት ተቀየረ። የካምቢዮ ዘይት መቼ እንደሚቀየር የመኪናው መጽሐፍ ላይ አለ፣ ወንዝ ለምትሻገር መኪና ግን ያም ቀን ሳይደርስ መታየት አለበት።

4. ሹፌሩ «ድምፅ አለ» ሲሉ ቃላቸው ይመዝገብ፣ የሰማው ሰውም ስሙ ይጻፍ።

የኮሚቴው ሰው አንብቦ ዝም አለ። ከዚያ «አራተኛዋ ታስቸግራለች» አለኝ። «እኔም ለእርሷ ብዬ ነው የቀሩትን የጻፍኳቸው» አልኩት።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በየወረዳው፣ በየቢሮው ያላችሁ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ እያልን የምንጠራቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያን የመጡ ናቸው። ስሙን ከወሰድን ስንት ዘመን ሆነን፣ አያያዙን ግን ገና አልወሰድንም። ነገ ከቢሮአችሁ ስትወጡ በር ላይ የቆመችው መኪና የካምቢዮ ዘይት መቼ እንደተቀየረ አንድ ሰው ጠይቁ። የሚመልስላችሁ ካጣችሁ፣ የመዋጮው ወረቀት እናንተም ጋ እየመጣ ነው።

«መካኒክ ነህ እንዴ» ላላችሁኝ ደግሞ፦ አይደለሁም። ከፋዩ ነኝ።

ቸር ሰንብቱ።