የአሮጌ ላፕቶፕ እድሳት፦ ገንዘቡ ፕሮሰሰር ላይ ይዋል ወይስ ሌላ ክፍል ላይ?

በወላይታ ለጊፋታ በሬ አደልቦ ለገበያ ማቅረብ የቆየ የገቢ መንገድ ነው። የበዓሉ ገበያ ባለፈ ማግስት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ተማሪ የሚቀበሉበት ጊዜ ይደርሳል። ልጁን የሚልክ አርሶ አደር ከበሬው ሽያጭ ለደብተርና ለመጓጓዣ ብቻ ሳይሆን ለላፕቶፕም ማሰብ ግድ ሆኖበታል። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በከፊል በበይነ መረብ ሆኗል። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ተማሪ ከፈተናው ጥያቄ በፊት ከመሣሪያው ጋር መታገል ይጠብቀዋል።

ይሁንና አዲስ ላፕቶፕ ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ላፕቶፕና መለዋወጫው ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ከውጭ የሚገባ በመሆኑ የዋጋ ጭማሪው እስከ ሶዶ፣ ቦዲቲና አረካ ሱቆች ድረስ ወርዷል። በመሆኑም ታላቅ ወንድም ወይም እህት ተጠቅመው ያስቀመጡትን አሮጌ ላፕቶፕ አድሶ ለታናሽ መስጠት እንደ አማራጭ ይታያል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ ያለ ቦታው የሚፈሰው። ማሽኑ ሲዘገይ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፕሮሰሰሩን ነው፤ ጥገና ቤት ገብቶም «ፕሮሰሰሩ ይቀየርልኝ» ይላል።

በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ይህ ጥያቄ መልስ የለውም። ኢንቴል ከ5ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ለላፕቶፕ ያመረታቸው ፕሮሰሰሮች በማዘርቦርዱ ላይ በብየዳ የተጣበቁ ናቸው። እነዚህን ነቅሎ ሌላ መተካት ልዩ የብየዳ ማሽንና የተካነ እጅ ይጠይቃል፤ ያ ሁሉ ሆኖም ማዘርቦርዱ አዲሱን ላይቀበል ይችላል። በዚህ ደረጃ ከመድከም ያገለገለ ሙሉ ማዘርቦርድ መፈለግ ይቀላል፣ ሌላ ላፕቶፕ መግዛት ደግሞ ከዚያም ይቀል ይሆናል።

ፕሮሰሰር መቀየር የሚቻለው በ2ኛ፣ በ3ኛና በከፊል በ4ኛ ጄኔሬሽን ማሽኖች ላይ ነው። ምልክቱ በስሙ መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ነው። «አይ 5 – 4200 ኤም» የሚለው ከሶኬት ላይ የሚነቀል ሲሆን «አይ 5 – 4200 ዩ» ግን የተበየደ ነው። በሚነቀለውም ቢሆን ከአንዱ ጄኔሬሽን ወደ ሌላው እንደ ልብ መዝለል አይቻልም፤ ሶኬቱና ባዮሱ የሚቀበሉት የተወሰነ ዝርዝር አለ። ከአይ 3 ወደ አይ 5 መሻገር የሚታይ ለውጥ ያመጣል። አራት ኮር ወዳለው አይ 7 መሄድ ግን የ35 ዋት ማቀዝቀዣ 45 ዋት ሙቀት እንዲሸከም ማድረግ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳልና የተከፈለበት ፍጥነት በሙቀቱ ተመልሶ ይጠፋል።

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ይህን ባለማወቁ በስም ብቻ ሊታለል ይችላል። «ኮር አይ 7 ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ስለ ዕድሜው ምንም አይናገርም። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ 7 – 2620 ኤም ሁለት ኮር ያለውና 35 ዋት የሚፈጅ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ 3 – 8130 ዩ ደግሞ እንዲሁ ሁለት ኮር ሲኖረው የተነደፈው ለ15 ዋት ነው፤ ዊንዶውስ 11ንም ይቀበላል። ሰባት ተብሎ ከተጠራው አሮጌ ይልቅ ሦስት የተባለው አዲሱ ለተማሪ ይሻላል። ከአይ 3፣ ከአይ 5 ወይም ከአይ 7 ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር የመጀመሪያ አኃዝ በእነዚህ ማሽኖች ላይ ጄኔሬሽኑን ይነግራል፤ ገዢው ማየት ያለበት እሱን ነው።

ታዲያ አሮጌውን ማሽን የሚያዘገየው ምንድን ነው? መልሱን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉት ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ የሚከፈተው መስኮት የፕሮሰሰሩን፣ የራሙንና የዲስኩን ሥራ በመቶኛ ያሳያል። ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ፕሮሰሰሩ 20 በመቶ ላይ ተቀምጦ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከቆመ ጥፋተኛው ታውቋል።

በአሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህንና የሚንቀሳቀስ ክንድ ያለው ነው። መረጃ የሚያነበው በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ሲሆን፣ የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ሲፈልግ ከዚህም እጅግ ይወርዳል። በምትኩ የሚገባው ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ በዚያው በአሮጌው መሰኪያ በሴኮንድ 500 ሜጋባይት ያህል ያነባል። ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረ ማሽን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሲከፈት ባለቤቱ ፕሮሰሰሩ የተቀየረ ያህል ይሰማዋል። ሌላም ጥቅም አለው፦ ከገጠር ቀበሌ እስከ ከተማ በሚናወጥ መኪና ሲጓጓዝ ሃርድ ዲስክ እንደሚጎዳው አይጎዳም።

ቀጥሎ የሚመጣው ራም ነው። 4 ጊጋባይት ብቻ ያለው ማሽን አንድ የድረ ገጽ መክፈቻና አንድ የጽሑፍ ፕሮግራም አብረው ሲከፈቱ ይጨናነቃል፤ 8 ጊጋባይት ለትምህርትና ለቢሮ ሥራ ይበቃል። ሆኖም ዲዲአር 3 የተባለው የራም ዓይነት በዲዲአር 4 ቦታ አይገባም። በዲዲአር 3 ውስጥም በ1.5 ቮልትና በ1.35 ቮልት የሚሠሩ አሉ፤ ዝቅተኛውን ቮልት ብቻ የሚቀበል ማሽን የመጀመሪያውን ላይቀበል ይችላል። ስለዚህ ነባሩን ራም አስነቅሎ፣ በላዩ ያለውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንስቶ ወደ ሱቅ መሄድ ይበጃል። በአንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ራሙም እንደ ፕሮሰሰሩ የተበየደ በመሆኑ ከመግዛት በፊት መክፈቻ ቦታ መኖሩን ማየት ያሻል።

የራም ነገር ሲነሳ የዓለም ገበያም አይዘነጋም። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የማስታወሻ ቺፖችን በብዛት እየወሰዱ በመሆናቸው ከ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ዋጋው በዓለም ዙሪያ ንሯል። ታዋቂው አምራች ማይክሮን ለግለሰብ ተጠቃሚዎች ራምና ኤስኤስዲ ይሸጥበት ከነበረው «ክሩሻል» ከተባለው የንግድ ስም እንደሚወጣ ያስታወቀው ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ነበር። ወደ ሶዶ የሚደርሰው ዕቃ የሚመጣው ከዚሁ ገበያ ስለሆነ፣ ከተበላሸ ማሽን የተነቀለ ደኅና ራም ዛሬ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው። የቆመ ላፕቶፕ ያለው ሰው በኪሎ ከመሸጡ በፊት ሊያስበው ይገባል።

ባትሪውና ማቀዝቀዣው ብዙ ማብራሪያ አይሹም። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ መብራት በጠፋ ቁጥር ድንገት ይዘጋል፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ይጠፋል፣ ፋይልም ሊበላሽ ይችላል። አቧራ የሞላውን ማራገቢያ ማጽዳትና በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት መቀየር ከሁሉም ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ለጥገና የገባ ማሽን ይህ ሳይደረግለት ባይወጣ ጥሩ ነው።

እድሳት የማይፈታው አንድ ችግር ግን አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል የሚቀበለው በአብዛኛው ከ8ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያለውንና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ያለውን ማሽን ነው። የ3ኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፕ ላይ የቱንም ያህል የተሻለ ፕሮሰሰር ቢገባ ይህን ደጅ አያልፍም፤ ፕሮሰሰር ላይ ገንዘብ ማፍሰስን ከንቱ የሚያደርገው ሁለተኛው ምክንያትም ይኸው ነው። የተራዘመ የደኅንነት ድጋፍ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የተፈቀደ ሲሆን፣ የማሽኑን ቅንብር ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ለሚያመሳስል ግለሰብ ያለ ክፍያ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ጥገና የማያገኝ ማሽን በይበልጥ የሚያሰጋው ፍላሽ ከእጅ እጅ በሚዘዋወርባቸው የጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች ነው።

ሊነክስ የተባለው ነፃ ሥርዓት ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ሁነኛ አማራጭ ነው፤ በአማርኛም ሆነ በላቲን ፊደል በሚጻፈው በወላይትኛ ለመጻፍ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የቆየው ሰነድ ነው። በድሮ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፊደል የተጻፉ ማመልከቻዎችና ቃለ ጉባኤዎች ያ ፊደል በሌለበት ማሽን ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ይሆናሉ። ለተማሪ ሊነክስ ይስማማዋል፤ የዓመታት ማኅደር ላለው ጽሕፈት ቤት ግን ሰነዶቹ ወደ ዩኒኮድ ሳይቀየሩ መሸጋገር አይመከርም።

ጉዳዩ የግለሰብ ብቻም አይደለም። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተመሥርቶ ወላይታ ሶዶ የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ በከተማዋ የመንግሥት ቢሮዎች ቁጥር ጨምሯል፤ የኮምፒውተር ፍላጎትም አብሮ አድጓል። በቢሮ ጥግ የተደረደሩ የ6ኛና የ7ኛ ጄኔሬሽን ማሽኖች ኤስኤስዲና ራም ቢገባላቸው ለጽሑፍና ለመረጃ ምዝገባ የሚያንሱ አይደሉም፤ ሥራውም ለቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ጥሩ ልምምድ ይሆናል። በግዢ ዕቅድ ላይ ግን «አዲስ ኮምፒውተር» የሚለው መስመር ለመጻፍ ይቀላል፤ ሃምሳ ዲስክ ገዝቶ ሃምሳ ማሽን ማስከፈት የሚጠይቀውን ክትትል የሚወድ የለም።

አሮጌው ዕቃ ደግሞ ሲጣል መድረሻው የት ነው? በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሪፖርት መሠረት ዓለም በ2022 እ.ኤ.አ. 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ያመነጨ ሲሆን በሥርዓት ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ የዋለው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪ በጓሮ እንሰት ሥር ሊቀበር ወይም ከቆሻሻ ጋር ሊቃጠል አይገባውም፤ እሳት ሊያስነሳ፣ አፈሩንም ሊበክል ይችላል። የተነቀለው ሃርድ ዲስክ ግን ከባለቤቱ ጋር መመለስ አለበት። የቤተሰብ ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃና የይዞታ ደብተር ቅጂ በላዩ ሊኖር ይችላል። ደኅና ከሆነ በትንሽ ማቀፊያ ገብቶ በዩኤስቢ ሲሰካ ለመጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጫ ያገለግላል።