የአያት ስም፦ የየትኛዋ አያት?

በየዓመቱ መጀመሪያ ለምዝገባ ስንሰለፍ የሚሰጠን ቅጽ ሦስት መስመር አለው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ስለዚች ሦስተኛ መስመር ጥቂት እንነጋገር። በቋንቋችን «አያት» የሚለው ቃል ለወንድም ለሴትም ነው። እያንዳንዳችን አራት አያቶች አሉን፤ ከእነርሱም ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ቅጹ «የአባትህን አባት ጻፍ» አይልም። ሆኖም ከዚያ ሰልፍ መካከል «የየትኛዋን አያቴን ስም ልጻፍ?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ እስከ ዛሬ አላየሁም። እኔም አልጠየቅሁም። ትእዛዙ በወረቀቱ ላይ ሳይሆን በገዛ ራሳችን ውስጥ ተጽፏልና መጠየቅ አላስፈለገንም።

ነገሩ የቅጽ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የማኅበራችንን ወረቀትና ቀለም ባላባከንሁ ነበር። ነገር ግን በልጅነቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር አባቴ አቁሞ ሰባት ቤት ያስቆጥረኝ ነበር። ሳልደናቀፍ ስጨርስ እንግዶቹ «እደግ!» ይሉኛል። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ አገር ቤት ሄጄ ይህንኑ ቆጠራ ታናሽ ወንድሜን ሳስጠና፣ ከምድጃው ዳር ተቀምጣ ጥጥ የምትፈትለው የእናቴ እናት ቀና ብላ «ልጄ፣ ሁሉንም ጠራሃቸው፤ እኔንስ ወዴት ጣልኸኝ?» አለችኝ።

ሳቅሁ። ከሳቄ በኋላ ግን አፈርሁና የእናቷን ስም ጠየቅኋት። ነገረችኝ። የእናቷን እናት ጠየቅኋት፤ እርሷንም ነገረችኝ። ከዚያ በላይ ስትደርስ እንዝርቷን አቆመች። «እርሷን የምታውቃት እናቴ ነበረች፤ እርሷም ሞተች» አለችኝ። ሰባት አባቶችን በአንድ ትንፋሽ የሚቆጥር ቤት፣ አንዲት እናት የሚያስታውስላት ሰው አጣ!

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች እያልን ብንወጣ በሰባተኛው ትውልድ ላይ 128 ቦታ እናገኛለን። ሰባቱ ትውልድ ሲደመር 254 ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ 127ቱ የሴቶች ናቸው። እኛ በኩራት የምንጠራው ስንቱን ነው? ሰባቱን። ከ127ቱ ሴቶች ስንቷን? አንዲትም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ይከፋናል እንላለን፤ የዘር ቆጠራችን ግን ከተረቱም ይብሳል። በእርሱ ዘንድ ሴት ብትወልድም በወንድ ያልቃል።

«ምን ይደረግ፣ ከአባቶቻችን የወረስነው ባህል ነው» የሚል አይጠፋም። ውሸት ነው! አባቶቻችን ጥቅማቸው በተነካ ጊዜ እናቶቻቸውን አሳምረው ይቆጥሩ ነበር። በጎጃምና በጎንደር ርስት በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም ይወረስ ነበር። ርስት ፈላጊው በዳኛ ፊት ቆሞ ትውልዱን ሲያስረዳ፣ መሬቱ በቅድመ አያቱ በኩል የሚገኝ ከሆነ ያቺን ሴት በስሟ ይጠራታል፤ ምስክርም ያቆምላታል። በጋብቻም ጊዜ ሽማግሎች ሰባት ቤት ሲጠይቁ በአባትም በእናትም ወገን ነው። ኮከብ ቆጣሪው እንኳ አውደ ነገሥቱን ገልጦ «የእናትህ ስም ማነው?» ይላል እንጂ የአባትህን አይልም።

እንግዲህ መሬት ሲፈለግ እናት ትታወሳለች፤ ሚስት ሲፈለግ እናት ትታወሳለች፤ ዕድል ሲፈለግ እናት ትታወሳለች። ክብር ሲቆጠር ብቻ ትረሳለች። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሲሽረው፣ እናትን በችሎት ያስጠራት የነበረው ጥቅም አብሮ ቀረ። እነሆ፣ የማያበላ ስም ሆነችና ተውናት። ይህ መርሳት አይደለም፤ መምረጥ ነው።

ሌሎች ደግሞ «በእኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም፤ በዚህስ ከአውሮጳ እንበልጣለን» እያሉ ይመጻደቃሉ። እውነት ነው፤ አትለውጥም። ነገር ግን የማትለውጠው የአባቷን ስም ነው። ልጆቿ በስማቸው ውስጥ የእርሷን አንዲት ፊደል እንኳ አይሸከሙም።

«የተጻፈ ማስረጃ የለም» የሚሉም አሉ። ለመሆኑ አባቴ ሰባቱን አባቶች ከየትኛው መጽሐፍ ነው ያነበበልኝ? በቃል የመጣ ነገር ለአባት ማስረጃ ሲሆን ለእናት አሉባልታ የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? የተጻፈ ካስፈለገም አለ። የሱስንዮስን የሃይማኖት ለውጥ ተቃውማ ባሏንና ቤቷን ትታ የወጣችውን የወለተ ጴጥሮስን ገድል፣ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ጻፈው። እርሱም የአባቷን ስም ባሕር ሰገድ፣ የእናቷንም ስም ክርስቶስ ዕበያ ብሎ መዝግቧል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ መነኩሴ የሠራውን፣ በ21ኛው ክፍለ ዘመን ያለ መዝገብ ቤት እንዴት ይሳነዋል?

አሁን ደግሞ ወደ በዓላችን እንምጣ። በየዓመቱ የካቲት 29 የሴቶች ቀን ሲከበር አዳራሹ ይሞላል፤ አበባ ይታደላል፤ ተናጋሪው እቴጌ እሌኒን፣ እቴጌ ምንትዋብን፣ እቴጌ ጣይቱን ጠርቶ ይወርዳል። ሦስቱም ሊወሱ ይገባቸዋል፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ይህ ቀን በ1902 ዓ.ም. በኮፐንሃገን በተደረገው የሶሻሊስት ሴቶች ጉባኤ ሲታሰብ ለዘውድ ባለቤቶች የታሰበ አልነበረም፤ ለሠርቶ አደር ሴቶች ነበር እንጂ። በ1888 ዓ.ም. የመቀሌው ምሽግ በተከበበ ጊዜ የውሃውን ምንጭ ማስያዝ የጣይቱ ብልሃት መሆኑን እናውቃለን። ለዚያ ሁሉ ሠራዊት ስንቁን ፈጭተው፣ እንጀራውን ጋግረው፣ እንስራ ተሸክመው እስከ ዐድዋ የዘለቁት ሴቶችስ? የአንዲቷን ስም የሚያውቅ እጁን ያውጣ! ንግሥት መሆን የቻለችውን ብቻ የሚያከብር በዓል፣ ያልነገሠችውን ሁሉ ሁለተኛ ጊዜ ይቀብራታል።

በሌላው ስንፈርድ የራሳችንን ቤት አንርሳ። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ ከተገደሉት መካከል ዋለልኝ መኰንንና ማርታ መብራህቱ ነበሩ። የድርጊታቸው ተገቢነት ሌላ ክርክር ነው። ነገር ግን በየሻይ ቤቱ ስለ ተማሪው ንቅናቄ ስንከራከር፣ ዋለልኝ አሥር ጊዜ ሲጠራ ማርታ ስንት ጊዜ ትጠራለች? በአንድ አውሮፕላን ውስጥ፣ በአንድ ቀን የሞቱ ናቸው። ተራማጅ ነን የምንለውም ሰባት አባቶች እንቆጥራለን ማለት ነው።

እስካሁን «ሴት ያሳደገው» የሚለው ቃል ለሰው ስድብ ሆኖ ይነገራል። እስቲ ይህን ጋዜጣ ከያዛችሁት መካከል ሴት ያላሳደገችው ማን ነው?

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የአባታችን ስም ይነሣ አላልሁም፤ የጎደለው ይሞላ ነው የምለው። አንደኛ፣ በመጪው ዕረፍት እያንዳንዳችን ወደየቤታችን ስንሄድ የእናታችንን፣ የእናቷን፣ የእናቷንም እናት ስም፣ አገራቸውንና ሙያቸውን ጠይቀን እንጻፍ። ሁለተኛ፣ ማኅበራችን ለዚህ የሚሆን አንድ መዝገብ ይክፈት። ሦስተኛ፣ የታሪክ መምህራኖቻችን ይህን ሥራ እንደ ቤት ሥራ ተቀብለው ይረሙልን፤ ከነገሥታት ዝርዝር ይልቅ አንድን ተማሪ ታሪክ ያስተምረዋልና።

ይህን ሁሉ የምቸኩለው ያለ ምክንያት አይደለም። አባቶች በየልጁ አፍ ላይ ናቸው፤ አይጠፉም። እናቶች ያሉት ግን በጥቂት አሮጊቶች ልብ ውስጥ ብቻ ነው። አያቴ ሦስት ትነግረኛለች፤ አራተኛዋ ከእናቷ ጋር ተቀብራለች። ያንተስ አያት፣ ያንቺስ አያት ስንት ይነግሩ ይሆን? እስከ መቼስ ይቆያሉ?

በሚቀጥለው ምዝገባ ቅጹ ሲሰጠኝ በሦስተኛው መስመር ላይ የእናቴን እናት ስም እጽፋለሁ። ጸሐፊው «ተሳስተሃል» ቢለኝ፣ ቅጹ «የአያት ስም» እንደሚል በጣቴ አሳየዋለሁ። ከኋላዬ የሚሰለፍ ይኖራል?